ከሱባው ኤግዚቢሽን በኋላ፤ የዘንድሮ ጉባኤያችን መክፈቻ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ ወንበር አለ፣ ግቡ ግቡ። ጋሼዎቼ፣ እትዬዎቼ፣ ወጣቶቹም፣ አጀንዳው ረጅም ስለሆነ ብዙ አላወራም፣ ግን መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ስራዎቻችንን ስላሳየንበት ኤግዚቢሽን ሳላነሳ ብከፍተው አይሆንም፣ ዓመቱን ሙሉ ያሯሯጠን እሱ ነዋ።

ግራንቱ፣ ማለት ለጋሹ ለኤግዚቢሽኑ የሰጠን ድጋፍ፣ ሲፈቀድ ሁላችንም ፈነደቅን፣ ኬክም ተቆረጠ። ነገሩ የገባን ውሉን ስናነበው ነው። ብሩ የሚለቀቀው በዙር ነው፣ የመጀመሪያው ዙር በደረሰኝ ካልተወራረደ ሁለተኛው የለም። ጥሩ፣ ለገመዱም ለብረቱም መርካቶ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ግን መኪናው ከቆመበት እስከ ጫካው ውስጥ ስራዎቹን ያመላለሱልን የአካባቢው ሰዎች በአህያና በፈረስ ነው፣ እና እስቲ ንገሩኝ የትኛው ባለ አህያ ነው ካሽ ሬጅስተር ያለው? በመጨረሻ ስም፣ የሰራበት ቀን፣ የተከፈለው ብር፣ ፊርማ ወይ የጣት አሻራ፣ ከስር የቀበሌ ማህተም ያለበት ፎርም አዘጋጅተን ለጋሹ ተቀበለን። እሱን ለማሳመን የተጻጻፍነው ኢሜይል ከፕሮፖዛሉ ይረዝማል።

ጫካው ደግሞ የራሱ ህግ አለው። ሱባ እንደ እንጦጦ ባህር ዛፍ አይደለም፣ ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣ ነው፣ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የሱባ ጥድ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ጫካ ዘር አስመጥቶ አስተከለው የሚባልለት ነው። ስለዚህ ሚስማር የለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ ዝናብ የሚያጥበው ቀለም የለም። ገመዱ ልጡን እንዳይበላው ከስሩ የመኪና ጎማ እየቆረጥን ነው ያሰርነው፣ ያጉረመረማችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፣ ይሁን። የጨርቁን ስራ ጦጣዎቹ ፈተው ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ሲሰቅሉት ጎብኚው የስራው አካል መስሎት ፎቶ ያነሳ ነበር፣ ሰዓሊዋም ዝም አለች፣ ብልህ ናት።

ዋናው ነገሬ ግን ይሄ ነው። ለጋሽ ለመክፈቻው ቀን በደስታ ይከፍላል፣ ባነር አለ፣ ካሜራ አለ። ማታ ለሚጠብቀው ሰውና ኋላ ስራዎቹን ለማንሳት ግን የበጀት መስመር አልነበረንም፣ ብረቱን ከጫካው ያስወጣነው በራሳችን መዋጮ ነው። እንግሊዝ ግራይዝዴል ጫካ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ቅርጻ ቅርጽ ይሰራል፣ ብዙዎቹ ከዛው እንጨት ተሰርተው እዛው የበሰበሱ ናቸው፣ የማንሻ ወጪ የላቸውም። ወይ እንደዛ እንስራ፣ ወይ የጥበቃና የማንሻ ብር ፕሮፖዛሉ ላይ ከፊት ይግባ፣ እሱ ከተቆረጠ እኔ በበኩሌ አልፈርምም። የሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ወሩም ህዳር ይሁን፣ ዝናቡ ያባራል፣ ሳሩም ገና ስላልደረቀ እሳት አያሰጋም።

ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። አሁን ሒሳብ ሹማችን ከነፋይሏ ወደ መድረክ ትምጣልን፣ የአህያውንም ፎርም ይዛለች፣ ማየት የሚፈልግ ይጠይቃት።