ምልክት ቦታውን ሲለቅ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ከመካከላችሁ ብሩሽና ቀለም ይዞ የእግር መንገድ የሚያመለክት አለ፣ መሬት የሚቀይስ አለ፣ በእንጨት ሰሌዳ ሥዕል የሚያትምም አለ። ሥራችሁ የተራራቀ ይመስላል፤ የሚያስቸግራችሁ ነገር ግን አንድ ነው። ምልክት ይንቀሳቀሳል። መንገደኛ ምልክት ሲጠፋበት ቆም ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል። የተንቀሳቀሰ ምልክት ሲያገኝ ግን ሳይጠራጠር ይከተለዋል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ከድንጋይ ክምር እንጀምር፤ ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ላይ መንገድ የሚመራው እሱ ነው። ከሥር ሰፋፊና ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይነጠፋሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ በሦስት ነጥብ ማረፍና ወደ መሃል በጥቂቱ ማዘንበል አለበት። የላይኛው የታችኞቹን መጋጠሚያ ይሸፍናል፣ ግንበኛ ጡብ እንደሚደረድረው። የሚወዛወዘውን ድንጋይ ከውጭ በኩል በጠጠር ወትፎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውርጭ ሲቀልጥ መጀመሪያ የሚረግፈው ያ ጠጠር ነው፣ ከዚያ የላዩ ይከተላል። በክምርና በክምር መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ በጠራ ቀን አትለኩት። ጉም በወረደበት ቀን አንዱ አጠገብ ቆማችሁ ቀጣዩ ካልታያችሁ ርቀቱ በዝቷል ማለት ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ድንጋይም አትንቀሉ፤ ጉድጓዱ ነገ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል።

መቼም ለፎቶ ሲሉ መንገድ ዳር ድንጋይ የሚደራርቡ መንገደኞች አይጠፉም። ያምራል፤ ግን ጉም ውስጥ ያለ ሰው ለጌጥ የተደረደረውን ከእውነተኛው አይለይም። የመንገዱ ተንከባካቢዎች ሲያገኙት ቢያፈርሱት ይሻላል ባይ ነኝ።

ዛፍ ባለበት የሚሠራው ቀለም ነው። በአሜሪካ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአፓላቺያን መንገድ የሚታወቀው ወርዱ 5፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ነጭ ምልክት ነው። ሁለቱ አንዱ ከአንዱ በላይ ከተቀቡ «መንገዱ ሊታጠፍ ነው፣ ልብ በል» ማለት ነው። ሰማያዊው ወደ ውሃ፣ ወደ ማደሪያ ወይም ወደ ሌላ የጎን መንገድ ይወስዳል። ከመቀባታችሁ በፊት ሻካራውን የውጭ ቅርፊት ብቻ ፋቁ፤ ሕያው ክፍሉ ከተነካ ዛፉ ይቆስላል፣ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ቀለሙን ይገፋዋል። ዛፉ ሲያድግ ምልክቱ አብሮት ወደ ላይ ይወጣል የሚሉ አሉ፤ አይወጣም። ዛፍ የሚረዝመው ከጫፉ ነው፣ ግንዱ ግን ስለሚወፍር ምልክቱ ወደ ጎን ይለጠጣል። ጠርዙ ሳይደበዝዝ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ያለበት አንድም ለዚህ ነው። ቀይ ቀለም ቀን ላይ ቢያምርም ሲመሽ ከሌሎቹ ቀለማት ቀድሞ ይጠቁራል። መንገዱ ሲቀየር የቀድሞውን ምልክት በቅርፊቱ መልክ ቀለም መሸፈን አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚስተው በአዲሱ ምልክት ጉድለት ሳይሆን ባልጠፋው አሮጌ ምልክት ነው።

የወሰን ድንጋይን ደግሞ ሰው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። ቻርልስ ሜሰንና ጀረማያ ዲክሰን እ.ኤ.አ. ከ1763 እስከ 1767 የሜሪላንድንና የፔንስልቬኒያን ወሰን ሲቀይሱ በየማይሉ ከእንግሊዝ በመርከብ የመጣ ድንጋይ ይተከል ነበር፤ በአንድ ፊቱ የአንዱ፣ በሌላው ፊቱ የሌላው ግዛት ስም የመጀመሪያ ፊደል ተቀርጾበታል። ተራራው ላይ ያን ከባድ ድንጋይ ማድረስ ሲያቅት በእንጨት ምሰሶ ዙሪያ አፈርና ድንጋይ ከመሩ። የድሮ ቀያሾች ግን ከዚህ የረቀቀ ዘዴ ነበራቸው፦ ከድንጋዩ ሥር ከሰል ወይም የሸክላ ስባሪ ይቀብሩ ነበር። ከሰል አይበሰብስም። ሌሊት ድንጋዩን ነቅሎ የወሰደ ሰው ከሰሉን ይረሳዋል፣ ስለዚህ ሲቆፈር እውነተኛው ቦታ ይገኛል።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ፍሪድሪክ ስትሩቨ እ.ኤ.አ. ከ1816 እስከ 1855 የምድርን ቅርጽና መጠን ለማወቅ ባስለካው መስመር ላይም ያው ጥንቃቄ ይታያል። ከሰሜን ኖርዌይ እስከ ጥቁር ባሕር 2,820 ኪሎ ሜትር፣ በ258 ዋና ዋና ሦስት ማዕዘኖች ተያይዞ የተለካ። የሦስት ማዕዘኖቹ ጥግ ነጥቦች አንዳንድ ቦታ ዓለት ውስጥ የተበሳ ቀዳዳ፣ አንዳንድ ቦታ የብረት መስቀል ናቸው። ለዓይን የማይሞላ ነገር ነው፤ ዓለት ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ የለም።

ባሕር ላይ ምልክቱ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ተንሳፋፊውን ምልክት ከታች ካለው ከባድ ማሰሪያ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት ከውሃው ጥልቀት ይረዝማል፣ አለዚያ ማዕበል ይበጥሰዋል። ስለዚህ ነፋስና ሞገድ በማሰሪያው ዙሪያ ያዞሩታል፤ አስተዋይ የመርከብ መሪም በእሱ ብቻ ተማምኖ ቦታውን አይወስንም። በቀለምም ቢሆን ዓለም ለሁለት ተከፍሏል። ወደ ወደብ ሲገባ በአብዛኛው ዓለም ቀዩ በግራ ነው፤ በአሜሪካ አህጉራት፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በፊሊፒንስ ግን በቀኝ። ቅርጹ ግን አልተቀየረም፤ በሁለቱም ዘንድ ሲሊንደሩ የግራ፣ ሾጣጣው የቀኝ ነው። ቀይንና አረንጓዴን መለየት ለሚያቅተው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምልክት የምትሠሩ ሁሉ መልእክቱን በቀለም ብቻ አትተዉት።

ወደ አታሚዎቹ ልምጣ። በጃፓን የእንጨት ህትመት እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሰሌዳ አለው፣ ወረቀቱ ደግሞ በየሰሌዳው አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። ይህን የሚጠብቁት ኬንቶ የሚባሉ ሁለት ጭረቶች ናቸው፦ የወረቀቱን ጥግ የሚይዘው ካጊ ቀጤ ማዕዘን ሆኖ ይፈለፈላል፣ ሂኪፁኬ ደግሞ በዚያው ጠርዝ ላይ ራቅ ብሎ ያለ ቀጥ ያለ ጭረት ነው። መጀመሪያ ጥጉ ካጊው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጠርዙ ሂኪፁኬው ላይ ይደገፋል፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ይለቀቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወረቀቱ ይጣመማል። ኬንቶው በየሰሌዳው በልኬት አይቀረጽም፤ የሥዕሉን መስመሮች ከሚያትመው ሰሌዳ ኬንቶው ጭምር በስስ ወረቀት ይታተማል፣ ወረቀቱ በአዲሱ ሰሌዳ ላይ የታተመው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ይለጠፋል፣ በላዩም ይቀረጻል።

እዚህ የሚንቀሳቀሰው ወረቀቱ ነው። ርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወረቀት በግማሽ በመቶ ቢጠብ 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የከንፈር ቀለም ጉንጭ ላይ እንዲያርፍ ያ ይበቃል። ስለዚህ ወረቀቶቹ ሥራው እስኪያልቅ እርጥብ መሸፈኛ ውስጥ አብረው ይቆያሉ። ቀለሙ በሁሉም ወረቀቶች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተዛነፈ ጥፋቱ የኬንቶው ነው፤ በመሮ ጥቂት ፋቁት፣ ወይም ስስ እንጨት ለጥፉበት። ከወረቀት ወረቀት የሚለያይ ከሆነ ግን መሮውን አስቀምጡና የወረቀቱን ርጥበት መርምሩ።

አመሰግናለሁ።