ሊያግዝ የመጣው ጦር

ሰላም። ዶሮው ዛሬም አለ፤ ከሰማችሁት እንዳልሰማ እለፉት።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የት እንደምገባ ታውቃላችሁ፤ ጥንታዊ ግሪክ። አሁን ፖቲዴያ ላይ ቀርቻለሁ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 430 ነው፣ የአቴንስና የስፓርታ ጦርነት ሁለተኛ ዓመት። የአቴንስ ጦር ፖቲዴያን ከቧል፣ ከተማዋ እጅ አልሰጥም ብላለች። ሃግኖን የሚባል አዛዥ 4,000 እግረኛ ይዞ በመርከብ ደረሰ። ቀድመው የነበሩት ወታደሮች ጤነኞች ነበሩ። ጤነኞች! አቴንስን የያዘውን ወረርሽኝ ያስያዛቸው ሊያግዛቸው የመጣው ጦር ነው። በ40 ቀን ገደማ ሃግኖን ይዟቸው ከመጣው ብቻ 1,050 ሞቱ። የተረፉትን ይዞ ተመለሰ፤ ከተማዋም ያኔ አልተያዘችም።

እኔ የማየው ባሕር ዳሩን ነው። መርከቦቹ ብቅ ሲሉ። «መጡልን!» የሚል አይጠፋም መቼም። አንዱ የሰፈሩን ልጅ አይቶ ሮጦ አቅፎት ይሆናል። ይሄን ማንም አልጻፈም፣ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ግን ሳያቅፈው ይቀራል? የአገሩን ልጅ?

ታሪኩን የጻፈው ቱሲዲደስ ራሱ ታሞ የዳነ ሰው ነው። በሽታው የተነሣው ከየት ነው ይላል? «ከግብፅ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ»። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ! ግሪኮች ያኔ እንደዚያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር፣ ኑቢያን ነው፣ እኛን አይደለም ብዬ ለብቻዬ መከራከር። በሌሊት። ማን ከሰሰኝ? የአቴንስ ወደብ፣ የፒሬየስ ሰዎችም «ስፓርታዎች ውኃችንን መረዙት» ብለው ነበር። የአቴንስ መሪ ፔሪክሊስ ገጠሬውን ሁሉ ቅጥር ውስጥ ሰብስቦ፣ በበጋ ሙቀት፣ ትንንሽ ጎጆ ውስጥ አጭቆት... ከስፓርታ ጦር ለማምለጥ ጥሩ ዘዴ ነበር እኮ። እሱም በዓመቱ ሞተ። ልጆቹን ቀብሮ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ለአክስቴ ይዤላት የሄድኩት ብርቱካን።

የአክስቴን ነገር ታውቃላችሁ። በር ላይ አስቀምጬ ልመለስ ነበር፣ እውነቴን ነው። «ባዳ ነህ እንዴ? ግባ!» አለችኝ። ገባሁ። ቡና ጠጣን፤ ሦስተኛው ድረስ። በሽታው የያዛት ከእኔ ይሁን ከገበያ ማን ያውቃል። እሷ ከገበያ ነው ትል ነበር።

ሃግኖን ግን ያውቃል። ከመነሣቱ በፊትም በመርከቦቹ ላይ ሰው እየሞተ ነበር። እያወቀ ነው የሄደው። እኔ አላውቅም ነበር። ማለቴ... ጠዋት ጉሮሮዬን ትንሽ ከርከር አድርጎኝ ነበር። ትንሽ። አቧራ ነው ብዬ...

ይኸው፣ ዶሮው ጀመረ።