የራስጌው ሰማይ

ውድ አድማጮቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክፍል የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቀው ቤቴ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያዬን መምታት ሲጀምር ድምፄ ከተዋጠ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ባለፈው ነሐሴ፣ እዚህ ክረምቱ ገና ሳይጋመስ፣ በአሜሪካ በረሃ ውስጥ ወዳለ ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ በአነስተኛ ቡድን፣ በአስጎብኚ እየተመራሁ ስላደረግሁት የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በአስጎብኚ መመራት የማልወድ ሰው ነበርኩ። ባሕር ዳር ለኖረ ሰው ይህ አይገርምም፤ ወደ ወደቡ ብቅ ባልኩ ቁጥር፣ ዕድሜ ልኬን እዚሁ መኖሬን የማያውቅ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «ገዳማቱን ላሳይዎት? ጢስ ዓባይ ልውሰድዎት?» ማለቱ አይቀርም፣ እኔም የራሴን ወንዝ በገንዘብ የሚያሳየኝ ማን ነው እያልኩ አልፌው እሄዳለሁ። በዚያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ወንዝ መሬትን እንዴት እንደሚሸረሽር፣ ፈፋ እንዴት ቦረቦር፣ ቦረቦርም እንዴት ገደል እንደሚሆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው ሌላ ሰው ቆሞ እንዲያስረዳኝ አያሻኝም ብዬ አምን ነበር።

ታናሽ እህቴ ላስ ቬጋስ ትኖራለች፤ ሆቴል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ከተማዋ በኢትዮጵያውያን የተሞላች ስለሆነች የመጀመሪያውን ሳምንት እንጀራና ሽሮ እየበላሁ፣ ቡና እየተጠራሁ፣ አሜሪካ መሆኔን ረስቼ ነው ያሳለፍኩት። በኋላ ግን እህቴ «አንቺ የገደልና የወንዝ ሰው ነሽ፣ ቁማር ቤት ምን ያደርግልሻል?» ብላ የጉዞ ትኬት ገዛችልኝ። ዋጋውን ደጋግሜ ብጠይቃትም አልነገረችኝም። ትኬቱ ላይ መነሻው 5 ሰዓት ይላል፤ ለእኔ 5 ሰዓት ማለት ረፋድ፣ ለዚያውም ሁለተኛው ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። እህቴ ይህንን ስለምታውቅ በትልቁ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ብላ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

መኪናዋ ቫን ናት፤ የተሳፈርነውም አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። ከላስ ቬጋስ እስከ አሪዞናዋ ትንሽ ከተማ ፔጅ ድረስ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። መንገዱ ከኔቫዳ ተነሥቶ የአሪዞናን ጥግ ነክቶ በዩታ በኩል ያልፍና ተመልሶ አሪዞና ይገባል፤ አሪዞና በአሜሪካ በጋ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ከማያዞሩት ግዛቶች አንዷ ስለሆነች ስልኬ ዩታ ስንገባ አንድ ሰዓት ዘለለ፣ ስንወጣ ደግሞ ተመለሰ። ይባስ ብሎ ሸለቆው የሚገኝበት፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ ምድር፣ አሪዞና ውስጥ ሆኖም ሰዓቱን ያዞራል፤ የሸለቆው ጉብኝት ግን የሚመራው በአሪዞና ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ በልቤ ወደ ሐበሻ ሰዓት እመልሰው ነበር። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ጥላዬን ማየት ጀመርኩ።

የደረስንበት ቦታ አንቴሎፕ ካንየን ይባላል። የላይኛውና የታችኛው የሚባሉ ሁለት ሸለቆዎች ናቸው፤ የላይኛውን ናቫሆዎች በቋንቋቸው «ውሃ በአለት መካከል የሚፈስበት ስፍራ» ይሉታል፣ የታችኛውን ደግሞ በጠመዝማዛ የአለት ቅስቶቹ ይጠሩታል። እኛ የገባነው ወደ ታችኛው ነው። የሚያስደንቀው ነገር ከላይ ሲታይ ምንም አለመኖሩ ነው። ገደል ሲባል እኔ የማውቀው በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ነው፤ ገና ጫፉ ላይ ስትቆሙ ሆዳችሁን ባር ባር የሚያሰኝ፣ ከታች ያለው ድልድይ ክር የሚመስልበት ማለቴ ነው። እዚህ ግን ያለው ቀይ አሸዋማ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ ደግሞ ሰው ዘሎ ሊሻገረው የሚችል የሚመስል ስንጥቅ ብቻ ነው። ጥልቀቱ ግን 37 ሜትር ያህል ይሆናል።

ያለ ናቫሆ አስጎብኚ ማንም እንዲገባ አይፈቀድም። ቦርሳም አይገባም፤ ሁላችንም ስልካችንንና የውሃ ኮዳችንን ብቻ ይዘን በመሰላሉ አፍ ተሰለፍን። የተረከበችን ሃያዎቹን አጋማሽ የማታልፍ ልጅ ናት። ሰላምታ ሰጥታን፣ ስማችንን ጠይቃን፣ ፊቷን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙራ ብዙ ቆየች። ከዚያ በሬዲዮ ተነጋገረችና «እንጠብቃለን» አለች።

አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከአናታችን በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ጸሐይዋ ታቃጥላለች፣ አንድ የደመና ቁራጭ የለም። ከጎኔ የቆሙት ባልና ሚስት ማጉረምረም ጀመሩ፣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ሰማዩን በጣቱ እያሳየ «ምኑን ነው የምንጠብቀው?» አለ። ልጅቱ ሳትቆጣ በሩቁ፣ ከአድማሱ ጥግ ያለ ጠቆር ያለ ነገር አሳየችን፤ ለእኔ ጭስ ነው የመሰለኝ። ከዚያ የነሐሴውን ነገር ነገረችን። በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በእኛ ነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ጎብኚዎች ሳሉ፣ እዚህ ዝናብ ዘነበ በማይባልበት ቀን፣ ከራስጌው አሥር ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ የጣለ ዶፍ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣና አሥራ አንድ ሰዎችን ገደለ። ጎርፉ ከያዛቸው መካከል በሕይወት የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ መሰላሎቹ የእንጨት ነበሩ፤ ዛሬ ከአለቱ ጋር በብሎን የታሰሩ የብረት ናቸው፣ የአየር ሁኔታ የሚያሳውቅ ሬዲዮና የማስጠንቀቂያ ጡሩምባም አለ።

አድማጮቼ፣ በዚያች ደቂቃ እኔ በረሃው ውስጥ አልነበርኩም። ሰከላ፣ የግልገል ዓባይ ምንጭ ካለበት አገር፣ አያቴ ዘንድ ነበርኩ። በክረምት ከገበያ ስንመለስ የምንሻገራት አንዲት ትንሽ ወንዝ ነበረች፤ ውሃዋ ከጉልበታችን አያልፍም። እኛ ልጆቹ ጫማችንን አውልቀን ልንገባ ስንል አያቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች ወንዙን ሳይሆን ተራራውን ታይ ነበር። «ቆዩ፣ ላይ አገር እየጣለ ነው» ትላለች። እኛ ያለንበት ግን ጸሐይ ነው። አንድ ቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ካስቆመችን በኋላ መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ብዙ ከብት አንድ ላይ የሚሮጥ የሚመስል ድምፅ ነው። ቀጥሎ ያች ጉልበት የማትደርስ ወንዝ ቁጥቋጦና ግንድ እያንከባለለች፣ ቡናማ ሆና፣ በፊታችን አለፈች። አያቴ ምንም አላለችም። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችንና ተቀምጠን ጠበቅናት።

ይህንን ለማጉረምረም ለተነሡት ሰዎች ላስረዳቸው ፈለግሁ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ለክፍል እንጂ ለክርክር አይሆንም። በልቤ ያሰብኩት ይህን ነው፦ እኔ የመጣሁት ዝናቡ ከሚጀምርበት አገር ነው። በየክረምቱ የጎጃምና የጎንደር፣ የወሎና የሸዋ ዝናብ በዓባይና በገባሮቹ ወርዶ፣ ዝናብ የማያውቀውን የግብፅን ምድር በጥርት ሰማይ ሥር ሲያጥለቀልቅ ሺህ ዓመታት ኖሯል፤ ይህም በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እስኪጠናቀቅ ድረስ የዘለቀ ነገር ነው። ከናይል ውሃ 85 በመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች እንደሚሄድ ለስንት ተማሪ በቃል አስጠንቻለሁ። ሆኖም ከግርጌ ቆሞ፣ በላዩ ላይ ያለውን ጥርት ሰማይ አምኖ ስለሚሞት ሰው አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥቁረቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ካለፈ በኋላ ወረድን። መሰላሉ ቀጥ ያለ በመሆኑ ፊትን ወደ አለቱ አዙሮ፣ እንደ ቆጥ ላይ ዶሮ እየተንጠላጠሉ ነው የሚወርዱት። ከታች ያለው ቅዝቃዜ የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዝቃዜ ነው። ግድግዳዎቹ እንደ ተንጣለለ ጨርቅ ይታጠፋሉ፤ በአንዳንድ ቦታ ትከሻን አዙሮ ካልሆነ አያሳልፉም። ብርሃኑ በቀጥታ አይወርድም፤ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ስለሚመጣ ከላይ ብርቱካናማ፣ ከታች ወይን ጠጅ፣ እግራችን ሥር ደግሞ ሰማያዊ ማለት ይቻላል። ልጅቱ የቀደሙት የናቫሆ ሽማግሌዎች ወደዚህ ከመግባታቸው በፊት ቆም ብለው ልባቸውን ይሰበስቡ እንደነበር ነገረችን። እኔም ዘጌ ላይ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ጫማዬን የማወልቅባት ቅጽበት ትዝ አለችኝ፤ እዚህ ጫማ አላወለቅንም፣ ድምፃችን ግን በራሱ ዝቅ አለ።

መሃል ላይ ስንደርስ ተንበረከከችና ከኮዳዋ ውሃ አሸዋው ላይ አፈሰሰች። እርጥቡን አሸዋ በመዳፏ ጠፍጥፋ ትንሽ ጉብታ ሠራች፤ ይህ ከዳይኖሰሮች ዘመን የቀረ የአሸዋ ክምር ነው አለች፣ ነፋስ ያመጣው፣ በጊዜና በክብደት የጠጠረ። ቀጥላ በጉብታው ላይ ደረቅ አሸዋ በተነች፣ ከዚያ ውሃ በቀጭኑ ለቀቀችበት። ውሃው አሸዋውን ይዞ ወረደና ጉብታው ላይ ጠመዝማዛ ጭረት ትቶ አለፈ። «ውሃው ብቻውን አይቆርጥም» አለች፤ «የተሸከመው አሸዋ ነው የሚሞርደው።» እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በጠመኔ ያልሠራሁትን ልጅቱ በግማሽ ኮዳ ውሃ ሠራችው። ትንሽ ቀናሁ ብል አልዋሽም።

ቀና ስል ከአናቴ በላይ፣ ምናልባት የሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የተሰነቀረ ግንድ አየሁ። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ጫፉ ተፈግፍጎ፣ እንደ አጥንት ነጥቷል። ዛፍ በሌለበት በረሃ ግንድ እዚያ ላይ ምን ይሠራል? ጎርፉ እዚያ ድረስ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ዓባይ መንከራተት የተነገረ አድርጌ ነበር የማየው፤ ያ ግንድ ማደሪያ ማግኘቱን ሳይ ግን ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳላስበው ወደ መውጫው መሰላል አየሁ።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ከኋላችን ሌላ ቡድን፣ ከእሱም ኋላ ሌላ ቡድን ስላለ ቆሞ ማየት የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ቦታ ላይ ግድግዳውን በእጄ ልዳብስ ስቆም ከኋላዬ ያለው ሰው በስልኩ ጫፍ ጀርባዬን ነካ አደረገኝ። ደርሶ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ተጉዞ አንድ ሰዓት ሸለቆ ውስጥ መቆየት፣ ሒሳቡን ለሚያሰላ ሰው፣ ያናድዳል። አሥራ ሁለት ሰው አነስተኛ ቡድን መባሉም ያው በወረቀት ነው።

ከሰዓት በኋላ የኮሎራዶ ወንዝ በአለት ዙሪያ እንደ ፈረስ ጫማ የሚታጠፍበትን ቦታ፣ ሆርስሹ ቤንድን፣ ከ300 ሜትር ከፍታ አየን። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ፎቶው ከቦታው ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ያዘው፤ ኮሎራዶ ማለት በስፓኒሽ ቀላ ያለ ማለት ሲሆን ወንዙ ግን አረንጓዴ ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ የግሌን ካንየን ግድብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ ውሃውን ስለያዘው ደለሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። ክረምት ክረምት ከደለል ብዛት ቡና የሚመስለውን የዓባይን ውሃ ስለማውቅ፣ ያ ሁሉ ቀይ አፈር የት እንደተኛ እያሰብኩ ነው ወደ ቫኑ የተመለስኩት። ላስ ቬጋስ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እህቴ ወደ ሥራ ልትወጣ በር ላይ አገኘኋት።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቼን ይዤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ጢስ ዓባይ ወረድኩ። በየዓመቱ እወስዳቸዋለሁ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ጥቁሩን አለት አሳይቼ፣ ሥዕል አስነስቼ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ግን በር ላይ ወደቆሙት አስጎብኚዎች ሄጄ አንዱን ጠራሁት። ወጣቱ ከዩኒፎርሞቹ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ዩኒፎርሞቹ ተመለከተና «መምህር፣ እርስዎ የባሕር ዳር ሰው አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት። ሒሳቡን ተስማማንና፣ ማለዳውን ከራስጌ ዘንቦ እንደሆነ ጠየቅሁት። ወንዙን አላየም።