ጥቁሩ አፈር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ቢሾፍቱ ደርሼ ተመልሼ ነበር። ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ከእናንተ ጋር ልጫወተው ብዬ ማይክሮፎኑን ከፈትኩ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጤፍ የገዛችው ከአንድ ሰው ነው። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ቢሾፍቱ ዙሪያ ካለው ከአዳ አንድ ገበሬ ጆንያቸውን አስጭነው ይመጡና ግቢያችን ውስጥ ያወርዳሉ። እናቴ የጆንያውን አፍ ፈትታ አንድ እፍኝ ትዘግናለች፤ ወደ ፀሐይ ወጣ ብላ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያፈሰሰች ታያለች። ጠጠር የለው፣ አፈር የለው። «ማኛ ነው» ትላለች። የእርሳቸውም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የዋልካ ነዋ!» እኔ በልጅነቴ ዋልካ የአገር ስም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጥቁሩ አፈር ነው።

እኚህን ገበሬ አባባ እያልኩ ነው ያደግኩት። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን አልመጡም። ለበዓል ይደውላሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ጤፍ እርሳቸው አያነሱም፣ እናቴም አትጠይቅም። ዘንድሮ «እስቲ ሂጂና ዓይናቸውን እይልኝ» አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነት መንገዱን ትቼ በአሮጌው መንገድ በአቃቂና በዱከም በኩል ሄድኩ፤ ማሳውን እያየሁ ለመሄድ ነበር ሐሳቤ። ድሮ ዱከምን ካለፉ በኋላ በስተግራ የረር ተራራ ብቻውን ቆሞ፣ ከሥሩ እስከ መንገዱ ድረስ ወርቅማ ጤፍ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ይታይ ነበር። አሁን አጥር ነው የሚታየው። የፋብሪካ አጥር፣ የመጋዘን አጥር፣ ምን እንደሚሠራበት ያልተጻፈበት የብሎኬት አጥር። በአጥርና በአጥር መካከል ቀጭን ማሳ ይቀርና አንድ ክምር ብቻውን ቆሞ ታገኛላችሁ።

ቢሾፍቱን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሐይቆቿ ነው፤ በሆራ፣ በባቦጋያ፣ በኩሪፍቱ። እኔ ግን የእህል ከተማ ናት እላለሁ። የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚህ የጤፍ አገር መካከል ነው ያለፈው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ ደብረ ዘይት ተባለች። ያ ስም ዛሬ የት እንደቀረ ታውቃላችሁ? በዘር ላይ። ከተማዋ ውስጥ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው የጤፍ ዝርያዎች መለያ ቁጥራቸው የሚጀምረው በደብረ ዘይት የእንግሊዝኛ ምኅፃር ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣውና በየክልሉ የተዘራው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ጭምር። ይህቺ ከተማ አገር የምትበላውን ዘር ያወጣች ከተማ ናት። ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል።

አባባ ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ከስተዋል፤ ጋቢያቸው ግን እንደ ድሮው ነጭ ነው። ግንባሬን ስመው የእናቴን ጤንነት ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ከዚያም ቤታቸው ሳይወስዱኝ በፊት «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብለው ወደ ቀድሞ ማሳቸው መሩኝ።

ማሳው ላይ ኤክስካቫተር ይቆፍራል። ጉድጓዱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ጠጋ ብዬ የተቆረጠውን ግድግዳ አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። የብረቱ ጥርስ ያለፈበት ቦታ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። ከላይ ካለው ቀጭን የገለባ ሽፋን ሥር፣ የቀረ የጤፍ ሥር እንደ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ማሽኑ እየዛቀ ይጭናል፣ ገልባጭ መኪናዎቹ እየተፈራረቁ ይወስዳሉ። «የት ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው። «ገደል» አሉኝ። «ይደፉታል።»

ዋልካ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ግንበኛ አይወደውም። ቤት ቢሠሩበት ወለሉን ያነሳዋል፣ ግድግዳውን ይተረትረዋል። ስለዚህ ተዝቆ ይወጣና በቦታው ገረጋንቲ ወይም ከአካባቢው የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚቆረጥ ቀይ አፈር ይሞላል። ኮረብታው ማሳው ውስጥ ይገባል፣ ማሳው ገደል ይገባል። መሐንዲሱ ተሳስቷል አልልም፤ ያለዚያ ቤቱ አይቆምም። ነገር ግን ግንበኛን ያስመረረው ጠባይ ራሱ ነው ገበሬውን ያበላው። ውኃ ስለሚይዝ ሌላው ሰብል ሥሩ ሲበሰብስ ጤፍ ይችለዋል። ሐምሌ ላይ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ፣ ከብት ተነድቶበት ተረግጦ፣ ያቺ 1,000 ፍሬዋ ግማሽ ግራም የማትሞላ ዘር በእጅ ትበተናለች። በሌላው ዓመት ተራው የሽምብራ ሲሆን፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ይዘሩትና አፈሩ ውስጥ በቀረ እርጥበት ብቻ ያፈራል። ማዳበሪያ ሳይጠይቅ አፈሩንም ለጤፉ ያለማል። ይህን የነገሩኝ አባባ ናቸው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው፣ መኪናው እስኪያልፍ ዝም እያሉ፣ እንደገና እየቀጠሉ።

ካሳ ተከፍሏቸዋል። በ1997ቱ የመሬት ማስለቀቂያ አዋጅ የማፈናቀያ ካሳ የዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 አሳደገው፣ ስሌቱም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ሆነ። ይህ መሻሻል ነው፣ ልክደው አልፈልግም። ግን አባባ «አባቴም አያቴም እዚሁ አርሰዋል» ሲሉኝ 15 ዓመት ምን ያህል አጭር እንደሆነች ገባኝ። ገንዘቡ ለልጆች ተከፋፍሏል፣ ቤት ተሠርቶበታል። እርሳቸውን አሁን ሰው የሚጠራቸው ተነሺ ብሎ ነው። ስድሳ ዓመት ገበሬ ተብሎ የኖረ ሰው!

ባለቤታቸው ሌላ ነገር ነው የነገሩኝ። የቧንቧ ውኃ ግቢያቸው ገብቷል፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ የልጅ ልጃቸው ዱከም ፋብሪካ ገብታ ደመወዝ ታመጣለች። «እኔ ውኃ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያረጀሁት፣ ልጄ» አሉኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም፤ ትክክል ናቸው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው፤ ያ ሲመጣ ከተማዋ ዛሬ ካለችበት ልክ አትገኝም። ትደግ። እኔ የምለምነው መሬት ሁሉ እኩል እንዳልሆነ እንድናስብ ነው። ድንጋያማውን፣ ለእርሻ የማይሆነውን እናስቀድም። ወደ ጎን ከመዘርጋት ወደ ላይ እንሥራ። የግድ ከተቆፈረም ያ ጥቁር የላይ አፈር ወደ ሌላ ማሳ ወይም ወደ አትክልት ቦታ ይሂድ እንጂ ገደል አይግባ። አንድ ገልባጭ መኪና የት እንደሚደፋ መወሰን ያን ያህል የሚያቅት ነገር አይመስለኝም።

ማምሻውን ቤታቸው ገባን። አዲስ ቤት ነው፤ ግቢው ጠባብ ሆኖ ዙሪያውን ቀይ ገረጋንቲ ተነጥፎበታል። ቡና ሲፈላ አባባ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከአጥሩ ሥር፣ ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ የምትሆን ቦታ ላይ አፈሩ ጥቁር ነው። ባለፈው ክረምት አንዱን ሹፌር ለምነው፣ የነዳጁን ከፍለው አንድ መኪና አስደፍተዋል። ከማሳቸው የተዛቀውን። መስከረም መጨረሻ ላይ ሽምብራ ዘርተውበታል።

ጎንበስ ብለው ሁለት እግር ከነሥሩ ነቀሉና ሰጡኝ። እሸቱ ገና ለስላሳ ነው፣ ሲነኩት እጅ ላይ ጨው ጨው የሚል እርጥበት ይተዋል። «ለእናትሽ አድርሺላት» አሉኝ። «የዋልካ ነው በያት።»