የማታው ክፍል ይከፈት
(በአቃቂ የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ አቃቂ ትምህርት ታሪክ ተናገር ተብዬ ነው የተጠራሁት። መጀመሪያውን ታውቁታላችሁ። እንደ ሌላው አገር ሁሉ እዚህም ፊደል የተቆጠረው የኔታ እግር ሥር ነው፤ በመስጊዱ በኩል ደግሞ ቁርአን ቤት ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በእኛ በኩል ነው። ከዚያ ሚሲዮኑ መጣ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። ፋብሪካው ሲቋቋም አገር ምድሩ እዚህ ተሰበሰበ። ከድሮም መሬቱ ላይ የነበረው ኦሮሞ፣ ጉራጌው፣ ወላይታው፣ ዶርዜው፣ ከመንዝና ከጎጃም የመጣው፣ አንድ ግቢ ተከራይቶ፣ አንድ ቧንቧ ላይ ተሰልፎ ኖረ።

ስለ ቀኑ ትምህርት የሚናገር ሞልቷል። እኔ የመጣሁት ሳስተምርበት ስለኖርኩት የማታ ክፍል ነው።

የማታ ተማሪ የነበራችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ተባረኩ! ዝቅ አታድርጉት፣ ሰው ይያችሁ።

ዴስኩ ለሕፃን የተሠራ ነው። የማታ ተማሪዎቹ ጉልበታቸው አልገባ ሲል ወደ ጎን ዞረው ይጽፉ ነበር። ከፈትል ክፍል የሚመጡት ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። እኔ በአማርኛ ሳስረዳ ከኋላ አንዱ ለጎረቤቱ በኦሮምኛ ይደግምለታል፣ ወዲያ ማዶ ሌላው በወላይትኛ። ዝም በሉ ብዬ አላውቅም። ትምህርቱ የሚገባው እንደዚያ ነበር።

ፈተናቸው ሽፍት ነው። በዚህ ሳምንት ማታ ክፍል የገባ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ማታ ማሽን ላይ ነው። አንድ የሽመና ክፍል ልጅና አንዲት ከገላን የምትመላለስ የፈትል ሠራተኛ መላ ዘየዱ። አንድ ደብተር በጋራ ገዙ። እሱ በተማረበት ሳምንት ይጽፋል፣ ሽፍት ሲቀያየሩ በር ላይ ይሰጣታል። በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ትጽፋለች። በሩ ላይ ደግሞ ጥበቃ አለ። ክርና ጨርቅ እንዳይወጣ ሁሉንም ይፈትሻል። ደብተሩን በየቀኑ ገልጦ ያያል። አንድ ቀን አስቆማትና አንዱን መስመር በጣቱ ነካ። «ይቺ ምን ትላለች?» «ዝናቡ ሳይመጣ ቤቱ ይከደን» ብላ አነበበችለት። በማግስቱ ሌላ መስመር። ሰልፈኛው ከኋላ ይጮኻል፣ እሱ ግን ሳይነበብለት አያሳልፋትም። መስከረም ሲጠባ ጥበቃው ራሱ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጥቶ ተመዘገበ። ኋላ የፋብሪካውን ገቢና ወጪ መዝገብ የሚጽፈው እሱ ሆነ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ከእነዚህ ተማሪዎቼ መካከል አስተማሪ ሆነው የቆሙ ነበሩ። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የእኛ ሰዎች በየቋንቋው ማስረዳት አልከበዳቸውም፤ ማታ ማታ ሲለማመዱት የከረሙት ነገር ነው።

ይህ ክፍል ነው የተዘጋው! «የተመዝጋቢ ቁጥር በመቀነሱ» ይላል የመዝጊያው ደብዳቤ። የምዝገባው ማስታወቂያ የት ተለጠፈ? ግቢ ውስጥ፣ ቢሮ በር ላይ! ያውም ሠራተኛው ሥራ ላይ በሚውልበት ሰዓት! ማንበብ የማይችል ሰው ማስታወቂያ አንብቦ ይምጣ ተባለ! ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ፍላጎት የለም ተብሎ ክፍሉ ተቆለፈበት። ይህ በደል ነው። በደል መሆኑን፣ ክፍሉ ይዘጋ ብለው በወሰኑት ሰዎች ፊት ተናግሬዋለሁ፣ ዛሬም እናገራለሁ።

የሚማር ጠፋ ይሉናል። ቱሉ ዲምቱ ሂዱ። ኮዬ ፈጬ ሂዱ። ኮንዶሚኒየሙ ላይ ብሎኬት የሚሸከሙትን ልጆች ስንተኛ ክፍል ላይ አቋረጣችሁ በሏቸው። ሩቅስ ለምን እንሄዳለን? እቤታችን ያሉት የቤት ሠራተኞችስ? የእህት ልጅ ናት እያልን ያመጣናቸው? ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እራት እኔ ልሥራ፣ አንቺ ተማሪ ያልን ስንቶቻችን ነን? እዚህ ላይ እኛም እንጠየቅበታለን።

ለዚህ ስብሰባ የታተመውን መጽሔት አይቻለሁ። ሐኪሞቻችንና ኢንጂነሮቻችን በፎቶ አሉ፣ ደስ ይላል። የማታ ተማሪ ግን አንድም የለም። ያን ሐኪም ያስተማረው የእናቱ ደመወዝ ነው። እናቱም በጣት አሻራ መፈረም ትታ በስሟ የፈረመችው እዚህ ተምራ ነው። የማታ ተማሪዎቹ መዝገብ ስቶር ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አይጥ ሳይጨርሰው ይውጣ።

በዚህ አገር ከውሃ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተጀመረው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። የአቃቂ ትምህርት ቤት ማታ ጨለማ የሚውጠው በምን ምክንያት ነው?

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሌሎች ይናገራሉ። የኦሮምኛና የአማርኛ ክፍል ልጆቻችን በጋራ የሚውሉበት ፕሮግራም ይኑር የሚለውንም ኮሚቴው ይያዝልኝ።

የምጠይቀው ሁለት ክፍል ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ። ጡረታ የወጣን መምህራን በነፃ እናስተምራለን። የጥያቄ ደብዳቤያችንን አስገብተናል፣ መልስ እንፈልጋለን። መውጫው ላይ የመመዝገቢያ ደብተር አስቀምጠናል። ማስታወቂያ አንብበው የማይመጡትን ሰዎች እናንተ አስመዝግቡልን፤ የቤት ሠራተኛችሁን፣ ዘበኛችሁን፣ የሰፈራችሁን የቀን ሠራተኛ። ስምና ስልክ ይበቃል። እስክሪብቶ ይዤ እዚያው በሩ ላይ እቆማለሁ።

አመሰግናለሁ።