ማስጠንቀቂያው ሊንክ ላይ ሲመጣ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ ኤልቲኦ እናወራለን፤ ሊንክ በሚደረግበት፣ ማለትም ለየብቻ ኮምፓይል የተደረጉ ፋይሎች አንድ ፕሮግራም ሆነው በሚገጣጠሙበት ሰዓት ስለሚሠራው ኦፕቲማይዜሽን፣ ኮዱን ስለማፍጠን። ፕሮግራሙ ደህና ሲሠራ ይቆይና ኤልቲኦ ሲበራ ይበላሻል። ያን ጊዜ «ኤልቲኦ ነው ያበላሸው» ይባልና ኤልቲኦው እንዲጠፋ ይደረጋል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ድሮም ኮዱ ውስጥ ነበረ፤ ኮምፓይለሩ ግን አያየውም ነበር።

የሲ ሕግ በአጭሩ፦ ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ሆኖ የተቀመጠን ሜሞሪ በፍሎት፣ ማለትም ነጥብ ባለው ቁጥር፣ ፖይንተር መንካት አይፈቀድም። ቻር ብቻ ሁሉንም መንካት ይችላል። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ኦ2 ከሚባለው የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ጀምሮ ይህ ሕግ እንደተከበረ ቆጥሮ ነው የሚሠራው። ስትሪክት ኤሊያሲንግ የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ሦስት ፋይል አስቡ። አንደኛው ውስጥ ያለችው ፈንክሽን የፍሎት ፖይንተር ተቀብላ 1.0 ትጽፍበታለች። ሁለተኛው ውስጥ ያለችው አንድ የኢንት፣ አንድ የፍሎት ፖይንተር ትቀበላለች፤ ኢንቱ ላይ 1 ትጽፋለች፣ ፍሎቱን ለመጀመሪያዋ ታቀብላለች፣ ከዚያ ኢንቱን እንደገና አንብባ ትመልሳለች። ሦስተኛው ፋይል ደግሞ የአንድን ኢንት አድራሻ ለሁለተኛዋ ፈንክሽን ለሁለቱም ፖይንተሮች ይሰጣል፣ ለፍሎቱ ካስት አድርጎ፣ ማለትም ዓይነቱን በግድ ቀይሮ።

ያለ ኤልቲኦ መልሱ 1065353216 ይሆናል፤ የ1.0 ቢቶች እንደ ኢንት ሲነበቡ ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ሁለተኛውን ፋይል ሲያይ የመጀመሪያዋ ፈንክሽን ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ ከጥሪው በኋላ ኢንቱን ከሜሞሪ ደግሞ ያነባል። ኤልቲኦ ሲበራ ግን ገብቶ ያያታል። «እዚህ የሚጻፈው ፍሎት ነው፣ የእኔ ኢንት አይነካም» ይልና 1 ይመልሳል። ሦስቱም አንድ ላይ ኢንላይን ከተደረጉ፣ ማለትም ጥሪው በራሱ በፈንክሽኑ ኮድ ከተተካ፣ ደግሞ አድራሻው አንድ መሆኑን ሊያይና የድሮውን መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንድ ፕሪንትኤፍ ስትጨምሩ ባጉ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ የኢንላይን ውሳኔው ተለውጧል እንጂ ስህተቱ አልተነሳም።

«ዎል አብርቼ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም» የሚል ሰው አለ። ዎል ብዙ ማስጠንቀቂያዎችን በአንዴ የሚያበራ የኮምፓይለር ፍላግ፣ ማለትም ማብሪያ ነው፤ ግን የሚያበራው የስትሪክት ኤሊያሲንግ ማስጠንቀቂያ ደረጃ 3ን ነው። ደረጃ 3 በዋናነት የሚይዘው ካስቱና በእሱ ማንበቡ ወይም መጻፉ አንድ ቦታ ሲገናኙ ነው። በእኛ ምሳሌ ካስቱ አንድ ፋይል፣ መጻፉ ሌላ ፋይል ነው፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ደረጃ 2 እና 1 ካስቱ ላይ ራሱ ይጮኻሉ። ደረጃ 1 በከንቱ የሚጮኸው ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ አብርቶ መሥራት አይቻልም። ባግ ስታሳድዱ ግን በጠረጠራችኋቸው ፋይሎች ላይ አንዴ አሂዱትና ዝርዝሩን በዓይናችሁ እዩት።

ኤልቲኦ የራሱ ማስጠንቀቂያዎችም አሉት፤ ሁለቱን በጣም እወዳቸዋለሁ፦ ኤልቲኦ ታይፕ ሚስማች፣ ለሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ኦዲአር፣ አንድ ስም በሁሉም ፋይል አንድ ትርጉም ይኑረው የሚለው ሕግ ሲጣስ የሚጮኸው። ለመጀመሪያው ምሳሌ እነሆ። አንዱ ፋይል ቆጣሪውን ሎንግ ብሎ ይፈጥረዋል፣ ሌላው ኤክስተርን ኢንት ብሎ ያውጀዋል። በ64 ቢት ሊኑክስ አንዱ 8 ባይት፣ ሌላው 4 ባይት ነው። ቁጥሩ ትንሽ እስከሆነ ድረስ በኢንቴል ማሽን ላይ ማንም ላያውቀው ይችላል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያየው ኤልቲኦ ብቻ ነው። መፍትሔው አዋጁን አንድ ሄደር ውስጥ ማስገባትና ሄደሩን ቆጣሪውን በሚፈጥረው ፋይል ውስጥም ኢንክሉድ ማድረግ ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

እነዚህ የሚታዩት ሊንክ ላይ ስለሆነ ቢልዱ መጨረሻ ላይ ሳይነበቡ ያልፋሉ። ስለዚህ ወደ ስህተት ቀይሯቸው። ጄንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ኤልቲኦ የሚያበሩ ሰዎች ኦዲአርን፣ ታይፕ ሚስማችንና ስትሪክት ኤሊያሲንግን ሦስቱንም ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት በሚቀይረው በዌረር ያስሯቸዋል፤ ትክክል ናቸው። ፍላጎቹን ኮምፓይል ላይም ሊንክ ላይም ስጡ።

ባግ ሲያጋጥም መጀመሪያ ኤልቲኦውን እንደበራ ትታችሁ ኖ ስትሪክት ኤሊያሲንግ ጨምሩ፤ ኮምፓይለሩ ሕጉ እንደተከበረ እንዳይቆጥር የሚያደርግ ፍላግ ነው። ከተስተካከለ ጥርጣሬው ጠነከረ ማለት ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ቀጥሎ ከፋይሎቹ ግማሹን በኖ ኤልቲኦ፣ ማለትም ኤልቲኦን በሚያጠፋው ፍላግ፣ ኮምፓይል አድርጉ፤ ሁለቱ ዓይነት ኦብጀክት አብሮ ሊንክ ይሆናል። እየከፈላችሁ ፋይሉ ጋ ትደርሳላችሁ። ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለር 20 ወይም ከዚያ በላይ ያላችሁ ታይፕ ሳኒታይዘርን ሞክሩ፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ የተሳሳተውን ንባብ ይጠቁማል።

ማስተካከያው ፖይንተሩን ካስት ከማድረግ ይልቅ ባይቶቹን በሜምኮፒ መቅዳት ነው። 4 ባይት ሜምኮፒ ማድረግ ያዘገያል ብሎ የሚፈራ አለ፤ ኦ2 ላይ ጂሲሲም ክላንግም ጥሪውን ያጠፉትና አንድ የሙቭ ትእዛዝ ይሆናል። በሲ ዩኒየንም ይሠራል። በሲ ፕላስ ፕላስ 20 ለዚሁ ቢትካስት አለ።

ኮዱ ትልቅና አሮጌ ከሆነስ? ኖ ስትሪክት ኤሊያሲንግን በቋሚነት ማብራት ነውር አይደለም፤ የሊኑክስ ከርነል ራሱ በዚያ ነው የሚገነባው። ነውሩ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ማፈን ነው፤ ኮምፓይለሩ ሕጉ እንደተከበረ ቆጥሮ መሥራቱን ይቀጥላል፣ እናንተ ግን አትሰሙም። ኖ ስትሪክት ኤሊያሲንግን ካበራችሁት ደግሞ በአንዳንድ ፋይል ብቻ ሳይሆን በፕሮጀክቱ በሙሉ አብሩት፤ ምክንያቱንም ከፍላጉ አጠገብ ሜክፋይሉ ላይ ጻፉ።