ቁጢጥ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሻይ ይዣለሁ፤ ፉት ስል ከሰማችሁ አትፍረዱብኝ።

እናቴ ስለ ልጅነቴ ስታወራ ሁሌ የምታነሳው ነገር አለ። ሦስት አራት ዓመት ሳለሁ፣ ትንሽ እሮጥና ድንገት ቁጢጥ እላለሁ። ከንፈሬ ጠቁሯል። ጉልበቴን አቅፌ እቆይና ተነስቼ ወደ ጨዋታዬ እመለሳለሁ። ጎረቤት «ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው» ይላል። አያቴ ደግሞ ጠበል ይዛኝ ትሄዳለች። ቁጢጥ በል ያለኝ ግን ማንም የለም።

ለካ ያ መቀመጥ ሕክምና ነበር። አብሮኝ የተወለደው ችግር ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ይባላል። ፋሎት እ.ኤ.አ. በ1888 በዝርዝር የጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። አራት ነገር አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ ለዛሬ ሁለቱ ይበቁናል። በልብ ታችኛ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጠቧል። ስለዚህ ደሙ ወደ ሳንባ መሄድ ሲከብደው በቀዳዳው ሾልኮ፣ ኦክስጅን ሳይዝ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ልጁ ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይታጠፋሉ፣ ይጫናሉ። ወደ ሰውነት ያለው መንገድ ሲከብድ ደሙ «እሺ፣ ሳንባ ይሻለኛል» ይላል። በቃ ይኸው ነው።

ስድስት ዓመቴ ላይ እስራኤል ሄድኩ። ቴል አቪቭ አጠገብ ሆሎን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ዎልፍሰን ሆስፒታል ውስጥ ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት የሚባል ድርጅት ከብዙ አገር፣ ከእኛም አገር፣ ልጆች እያመጣ ልባቸውን ያሳክማል። ቀዳዳዬ ተደፈነ፣ መንገዱ ሰፋ። ቁጢጥ ማለት በዚያው ቀረ።

ይዤ የተመለስኩት ጠባሳና «እንዳትሮጥ» የሚል ቃል ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሥራዬ የልጆቹን ሹራብ መጠበቅ ነበር። «ዘበኛው» ይሉኝ ነበር። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «እጄ ላይ አንድ ነገር እንዳይሆን» ብሎ ፈርቶ ነው። እማዬም ደረጃ ስወጣ ከታች ቆማ ታየኛለች። እኔም ለመድኩት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ሮጬ አላውቅም።

አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሜ «እስቲ እንለካህ» አለችኝ። ብስክሌት ላይ አስቀመጡኝ። አፍና አፍንጫዬን ጭንብል፣ ደረቴን በሽቦ። ፔዳሉን ቀስ በቀስ እያከበዱ ምን ያህል ኦክስጅን እንደምጠቀም ይለካሉ። ላቤ ጠብ እስኪል ነዳሁ። የልቤ ምት 148 ላይ ቆመ። በዕድሜዬ ወደ 190 ይጠበቅ ነበር። ልባቸው የተከፈተ ሰዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው አለችኝ፤ ምቱ እንደልብ አይፈጥንም።

ለምን ይቆጫል መሰላችሁ? ጤነኛ ልብ ሰውዬው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ወደ አምስት ሊትር ደም ይረጫል። ጠንክሮ ሲሮጥ 20 ሊትር ይደርሳል። አብዛኛው ወደ ጡንቻ ነው የሚሄደው፤ አንጀትና ኩላሊት ከድርሻቸው ይለቃሉ። ክትፎ በልቶ የሮጠ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ምቱ አልፈጥንም ካለ ግን ያን ሁሉ ሊትር ከየት ታመጣለህ?

የእኔ ትልቁ ፍርሃት ግን ሌላ ነበር። መንገዱን ካሰፉልኝ ወዲህ ወደ ሳንባ የሚወስደው ቫልቭ፣ የደሙ በር ማለት ነው፣ በደንብ አይገጥምም። ልቤ የላከው ደም፣ ልቤ ሲያርፍ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እኔ በራሴ ሒሳብ፣ ብሮጥ ይበልጥ ያፈሳል ብዬ ነበር የማስበው። ዶክተሯ ሳቀች። ምቱ ሲፈጥን በጣም የሚያጥረው የልብ የእረፍት ጊዜ ነው። ደሙ የሚመለስበት ፋታ ያጣል። የሳንባ ደም ሥሮችም ስለሚከፈቱ ወደፊት መሄድ ይቀለዋል። በእንቅስቃሴ ላይ ፍሳሹ ይቀንሳል! ይሄን ስሰማ ያ ሁሉ ሹራብ ትዝ አለኝ። ቫልቩ ተጠገነ ማለት ግን አይደለም፤ በኤምአርአይ እየታየ ነው፣ አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም ይሆናል።

እዚያው ክሊኒክ ተራ ስንጠብቅ የተዋወቅኳት ልጅ አለች። ልቧ ውስጥ በደንብ የሚረጨው ክፍል አንድ ብቻ ነው። ፎንታን የሚባለው ቀዶ ጥገና ተሠርቶላታል፤ ፍራንሲስ ፎንታን እ.ኤ.አ. በ1968 ቦርዶ ላይ የጀመረው። እሷ ጋ ደም ወደ ሳንባ የሚሄደው ያለ ገፊ ነው፣ እንዲሁ እየፈሰሰ። የሚረዳው ሁለት ነገር ነው። አየር ስትስብ ደረቷ ይስበዋል፣ ስትራመድ ባቷ ይጨምቀዋል። «አንተ ልብህን ትቆጥራለህ፣ እኔ ባቴን» አለችኝ። ትንፋሽ ውጦ ከባድ ዕቃ ማንሳት ደግሞ ደረቷ ውስጥ ግፊቱን ስለሚጨምር ያንን ፍሰት ይዘጋባታል።

ያኔ ነው እግሬን ማሠራት የጀመርኩት። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ እንደ እኛ ላለ ሰው እንቅስቃሴ እንደየሰውየው ተለክቶ ይታዘዝ ይላል፤ እንደ መድኃኒት ማለት ነው። የእኔ ልክ እያወራሁ የምችለው ፍጥነት ነው። ማውራት ካቃተኝ እቀንሳለሁ። ካዞረኝ ወይም ልቤ ያለ ቅጥ ከደለቀ ወዲያው አቆማለሁ፣ እደውላለሁ።

አምና አዲስ አበባ ስሄድ ግን ጉራዬ በረደ። ከዘመዶቼ ጋር እንጦጦን ልወጣ ተነሳሁ። እዚያ ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ኦክስጅን ሲሳሳ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የቀኝ ልብ ጭነት ይበዛል። የእኔ ደካማው ደግሞ እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲያልፉን እያየ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እያረፍኩ ወጣሁ።

እማዬ ባለፈው እሁድ ደወለች፤ ጂም ነበርኩ፣ በቪዲዮ። «ምን እያደረግክ ነው የኔ ጌታ?» አለች። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አሳየኋት። ወረድ፣ ትንፋሽ ሳልይዝ፣ ቀና። ወረድ፣ ቀና። ስኳት ነው የሚባለው አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ከንፈርህን ወደ ካሜራው አስጠጋልኝ» አለችኝ።